ሁለት ጣት በወረቀት ላይ

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 4

ይህን ደብተር የገዛሁት ለንዴቴ ነው። ምክሩን የሰጠኝ ባሌ ላስዓድ ነው። "ንዴትሽን ወረቀት ላይ አውርጂው እንጂ እኔ ላይ ለምን ታወርጂዋለሽ?" አለኝ። ከወይራ መጭመቂያው ሲመለስ ጢሙ ሳይቀር ዘይት ዘይት እየሸተተ ሶፋው ላይ ይዘረጋና ምክር ያድለኛል። እሺ፣ ይኸው ጻፍኩ።

ቀኑን ሙሉ ስሰብክ ዋልኩ። በሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት የልጆቹን ክፍል የምይዘው እኔ ነኝ። እዚህ ስፋክስ ውስጥ ልጇ መጽሐፍ አልነካ ያላት እናት ሁሉ እኔ ዘንድ መጥታ ታለቅሳለች። እኔም አፌን ሞልቼ፣ "ታብሌቱን ንጠቂው! ጥቂት ቀን ያልቅስ፣ ከዚያ ወዶ ሳይሆን በግዱ መጽሐፍ ያነሳል" እላለሁ። አመስግነውኝ ይሄዳሉ። እቤቴ ስገባ የገዛ ልጄ ዱሐ፣ ዘጠኝ ዓመት የሞላት ልጄ፣ ምንጣፉ ላይ በሆዷ ተኝታ ታብሌቱ ላይ አፍጥጣለች። ትናንት ያመጣሁላት መጽሐፍ አጠገቧ ተከድኖ ተቀምጧል። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የተባለችው እኔ ነኝ።

"መጽሐፉስ?" አልኳት።

"ጨረስኩት። መልሺውና ሌላ አምጪልኝ።"

"በአንድ ቀን?"

"አዎ።"

"እስቲ ምን ይላል?"

ከጫፍ እስከ ጫፍ ነገረችኝ። ከማሰሮው አልወጣም ያለው ኦክቶፐስ፣ ውጣልኝ እያለ የሚለምነው ዓሣ አጥማጅ፣ መጨረሻ ላይ ሁለቱ ተስማምተው ሻይ ሲጠጡ፣ ሁሉንም። ያ ረቢ! ይህንንም ፊልም አድርገውታል ማለት ነው። አይታው ይሆናል እንጂ አላነበበችውም። ዓይኗን በጨው አጥባ ስትዋሸኝ አታፍርም!

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 7

በምሳ ሰዓት፣ እየተቻኮልኩ።

መምህርቷ አስጠራችኝ። "ወይዘሮ ነዚሀ፣ ልጅቷ ብልህ ናት። ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ከመጨረሻው ወንበር ሆና ታነበዋለች። መጽሐፍ ሲከፈት ግን ትገምታለች። ነጥብ ትውጣለች።"

በእኛ ጽሕፈት ነጥብ መዋጥ ቀላል ነገር አይደለም። ፊደሉ ሆድ ውስጥ አንዲት ነጥብ ካለች "ጀበል" ነው፣ ተራራ። ከሌለች "ሐብል"፣ ገመድ። ልጄ ተራራና ገመድ አትለይም አሉኝ። ከትምህርት መዝጊያ በፊት ካልተስተካከለች ክፍሉን ትደግማለች።

"ዓይኗን አሳይተዋታል?" ስትለኝ ሳቄ መጣ። የትምህርት ቤቱ ነርስ ግድግዳ ላይ የሰቀለችውን ፊደል እስከ ታችኛው መስመር ድረስ አንብባለች። ከሰገነታችን ቆማ ወደ ቀርቀና ደሴት የሚሄደውን መርከብ ስም የምታነብ ልጅ ናት። ዓይኗ የጭልፊት ነው። የጠፋው ልቧ ነው። ልቧን ያ ዕቃ ወስዶታል።

የቤተ መጻሕፍቷ ሴትዮ ልጅ ማንበብ አቅቷት ክፍል ደገመች! ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ይሻለኛል።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 8

ወሰድኩት። አበቃ።

እንዲህ ሆነ። አዲሱን መጽሐፍ ሰጥቼ ከጎኔ አስቀመጥኳት። የባሕር መብራት ስለምትጠብቅ ልጅ የሚናገር ነው፣ ትናንት ራሷ የመረጠችው። "ጮክ ብለሽ አንብቢ" አልኳት። ከመሃሉ ገልጣ ጀመረች። "ቤት" የሚለውን "ልጅት" አለችው፤ በእኛ ጽሕፈት ሁለቱን የሚለያቸው ነጥብ ብቻ ነው። ገጹን ራቅ አደረገችው፣ ቀረብ አደረገችው፣ ግንባሯን አሸች። ከዚያ ሁለት ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳረፈችና ወደ ግራና ወደ ቀኝ ለየቻቸው። በወረቀት ላይ! ታብሌት ላይ ሥዕል እንደሚያሳድጉት!

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ረስቼው ነው።"

"ምኑን?"

"ወረቀት መሆኑን።" አንገቷን ደፋች። "ፊደሎቹ እኮ ይተቃቀፋሉ፣ እማዬ።"

"ፊደል ይተቃቀፋል? ምን ብሎ፣ ሠርግ ላይ ተገናኝቶ?"

ተነሥቼ ታብሌቱን ከነገመዱ ሰበሰብኩት። ቁም ሳጥኑ አናት ላይ እንግዳ ሲበዛ ብቻ የሚወርድ ትልቅ የኩስኩስ ድስት አለን። እዚያ ውስጥ ከትቼ ከደንኩበት። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ አላለቀሰችም። በሩ ላይ ቆማ፣ "ታዲያ በምን ላነብ ነው?" አለችኝ።

"በዓይንሽ!" አልኳት።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 10

የሁለቱን ጣት ነገር በቤተ መጻሕፍቱ የእናቶች ስብሰባ ላይ ነገርኳቸው። እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እጄን አንስቼ አሳየኋቸው፤ ደግመው ሳቁ። ኢቅባል፣ ልጇ ወፍራም ወፍራም መጽሐፍ እየጨረሰ አናቴን የምታዞረው ኢቅባል፣ "ነዚሀዬ፣ ይሄማ ለሕዝብ መነገር አለበት! ዘመኑን በሁለት ጣት አሳየሽን እኮ!" አለች።

እውነቷን ነው። በቤተ መጻሕፍቱ የኢንተርኔት ገጽ ላይ ጻፍኩት። ስም አልጠቀስኩም፣ "ልጄ" ብቻ ነው ያልኩት። ሰው እየተቀባበለ ከተማውን አዳረሰው። ምሳዬን ልብላ አልብላ እንጃ፣ ስልኬን ስከፍት ስዘጋ ውዬ እጄ ዛለ። ለበጎ ዓላማ ነው። ላነበው የተዋስኩት ልብ ወለድ ከበጋ ጀምሮ ቦርሳዬ ውስጥ ይዞራል፤ ግን እኔ ጊዜ የት አለኝ?

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 16

አማቴ ላላ ዘክያ ከእኛ በታች፣ ምድር ቤት ነው የሚኖሩት። ዛሬ አብረን ምሳ ስንበላ፣ "ይቺ ልጅ ግንባሯን መያዝ አብዝታለች። ራሷን ያማታል" አሉ።

"መጽሐፍ ሲሰጧት ነው የሚያማት፣ ሲወስዱላት ይተዋታል" አልኩ።

"ዓይን ነው።"

"ላላ ዘክያ፣ በአላህ ይሁንብዎ..."

"ዓይን ነው አልኩሽ! ተረት ስታወራኝ የምታመሽ የነበረች ልጅ ምላሷ የታሰረው የሰው ዓይን ቢያገኛት ነው። አንቺ ደግሞ ሰው ሁሉ እንዲያፈጥባት ነው ወሬዋን አገር ላገር የበተንሽው?"

ከመሳቢያቸው ትንሽ የብር ዓሣ አውጥተው በክር አንገቷ ላይ አሰሩላት። "ዓሣ ይጠብቅሽ፣ ዓሣ ይጋርድሽ" እያሉ ፀጉሯን ዳበሱት። ላስዓድ አፉ እንደ ሞላ፣ "እማዬ፣ ጠብሰሽ ብታበያት አይሻልም?" ብሎ እናቱን አሳቃቸው። ዱሐም ሳቀች። እኔ ብቻ አልሳቅኩም። ሰው ጨረቃ ላይ ወጥቶ እኛ ዛሬም ዓይን ዓይን እንላለን።

ራስ ምታቱን ግን አልወደድኩትም። ማስመሰል ይሆናል። ታብሌቱን ለማስመለስ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 19

መነጽሬ ጠፋኝና ቤቱን ገለበጥኩት። ያለ እሱ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን እንኳ አላነብም፤ ዕድሜ ነው። የት አገኘሁት? ዱሐ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ አፍንጫዋ ላይ ሰክታዋለች። ጉልበቷ ላይ የመብራት ጠባቂዋ መጽሐፍ ተከፍቷል።

ነጠቅኳት። "የትልቅ ሰው መነጽር መጫወቻ ነው? ዓይንሽን ልታጠፊ ነው?"

"አንድ ገጽ ብቻ፣ እማዬ። አንድ ገጽ ብቻ ተዪኝ።"

ታብሌቱን ስትነጠቅ በመነጽሬ ትጫወት ጀመር። ነገ ደግሞ በጥርስ ብሩሼ ትጫወት ይሆናል። ደከመኝ።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 26

ዓሣ ገበያ ይዣት ሄጄ ነበር። ሙሌት ዓሣ ስመርጥ አንዲት የማላውቃት ሴት ከጎኔ መጥታ ዱሐን አገጯን ይዛ፣ "ወረቀት የምትለጥጪው አንቺ ነሽ እንዴ?" አለቻት። ሁለት ጣቷን አየር ላይ አሳየቻት። ዓሣ ሻጩ ሳይቀር ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ፤ ምን ላድርግ?

መንገድ ላይ እጄን ለቀቀች። "ቀልድ ነው እኮ፣ የኔ ማር" ብላት ወደ አያቷ ወረደች።

ታብሌቱ ከተወሰደ ወዲህ መጽሐፍ አምጪልኝ ብላኝ አታውቅም። ይህን አሁን ስጽፈው ነው ልብ ያልኩት። ድሮ እንኳ ለማታለል ያህል ትጠይቀኝ ነበር።

ሰኞ፣ ማርች 3

ረመዳን ገባ። የሾርባው ድስት እሳት ላይ ነው፣ የብሪኩ ሊጥ ገና አልተጠቀለለም፣ የምጽፈው ቆሜ ነው።

በረመዳን ቤተ መጻሕፍታችን የልጆች የንባብ ምሽት ያዘጋጃል። ኢቅባል ልጇን አስመዝግባ ወደ እኔ ዞረችና፣ "ያንቺዋስ፣ ነዚሀዬ? ወይስ ገና ናት?" አለችኝ። "ገና ናት" ስትል አፏን እንዴት እንዳሞጠሞጠችው! የዱሐን ስም ከሁሉ አናት ላይ ጻፍኩት። ይለይላት። ይለይልኝ።

ለዱሐ ስነግራት ፊቷ ደም አጣ። "ሌላ ሥራ ስጪኝ። ወንበር እደረድራለሁ" አለች።

ረቡዕ፣ ማርች 12

ዛሬስ ጉድ ነው ያገኘሁት። ከሥራ ስገባ አባትና ልጅ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ላስዓድ ለምሽቱ የተሰጣትን ታሪክ ያነብላታል፣ እሷ ዓይኗን ጨፍና ትከተለዋለች። ቃል በቃል! ሙሉውን በቃሏ ይዛዋለች፤ መጽሐፉን አትነካውም።

"ምን እያደረጋችሁ ነው?"

"እናጠናለን" አለ ባሌ፣ ከድስት ሰርቆ እንደ ተያዘ ልጅ።

"ይሄ ማንበብ ነው? ይሄ መሸምደድ ነው! አንተ ነህ የምታበላሻት!"

"ተያት ባክሽ ነዚሀ። ቃሉ ጣፍጦላት ስትለው አትሰሚም? በመጽሐፍ ዐረብኛ እንዲህ ስትናገር ሰምተሻት ታውቂያለሽ?"

ጣፍጦላታል፤ እሱን አልክድም። በር ላይ ቆሜ ሰምቻታለሁ። ግን ሽምደዳ ሽምደዳ ነው። ሰው ሁሉ አነበበች ብሎ ሲያጨበጭብ እኔ ብቻዬን ውሸት መሆኑን እያወቅኩ ልቀመጥ ነው? መፍትሔ አለኝ፤ ግን ለማንም አልናገርም።

ቅዳሜ፣ ማርች 22

ከንባቡ ምሽት ተመልሰን።

ታሪኩን ቀየርኩባት። ስሟ ሊጠራ ሲል የሸመደደችውን ወስጄ ሌላ መጽሐፍ ሰጠኋት። ቀላል ነው፣ የሁለተኛ ክፍል ልጅ የሚያነበው። "የምታነቢ ከሆነ ይሄንንም ታነቢዋለሽ" አልኳት። መጽሐፉን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ መድረኩ ላይ ወጣች።

አዳራሹ ሞልቷል። ላላ ዘክያ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ላስዓድ ስልኩን ደግኗል። ዱሐ መጽሐፉን በሁለት እጇ ያዘች፣ ክንዷ እስኪገተር ከራሷ አራቀችው። "ሰውየው ማለዳ ተነሥቶ ገመዱን ወጣ" አለች። ልጆቹ ተያዩ። ቀጠለች። "ገመዱ ከፍተኛ ነበር። ገመዱ አናት ላይ በረዶ ነበር።" የኢቅባል ልጅ በሳቅ ፍርስ አለ። ከዚያ ሁሉም ሳቀ። ደግሞ "ቤት" የሚለው መጣ፤ "ሰውየው ሁለት በር ያላት ልጅት ሠራ" አለች። አዳራሹ ተናጋ።

አልቻልኩም። ከመቀመጫዬ ተነሥቼ፣ "ጀበል! ጀበል ነው! ነጥቧን አታይም?" ብዬ ጮኽኩ።

ቀና ብላ አየችኝ። "የቷን ነጥብ?" አለችኝ።

በሰው ፊት! ያ ሁሉ ሰው ባለበት እናቷን "የቷን ነጥብ" ትበለኝ? ሳቁ ጣሪያውን አነሣው። ኢቅባል ወደ ጎረቤቷ ዘንበል ብላ፣ "ታብሌት ያሳደገው ልጅ ምላሱ ብቻ ነው የሚሠራው" ስትል በጆሮዬ ሰማኋት። ዱሐ መጽሐፉን ወንበር ላይ አስቀምጣ ወጣች። ላላ ዘክያ ከኋላዋ ተከትለው ወጡ። በአጠገቤ ሲያልፉ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

ላስዓድ መኪና ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለኝ። "ልጅቷ እየጠየቀችሽ ነበር እኮ" አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ሁሉም በእኔ ላይ ሆነ።

ማክሰኞ፣ ማርች 25

አታናግረኝም። "እሺ" እና "አልራበኝም" ብቻ። ላላ ዘክያ ዘንድ ነው የምታድረው።

ዓርብ፣ ማርች 28

"የቷን ነጥብ?" ያለችበት ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ምላስ የምታበዛ ልጅ እንዲህ አትልም። ስትመልስልኝ አውቃታለሁ፣ ቅንድቧን ትሰቅላለች። ያን ዕለት አልሰቀለችም።

እተወዋለሁ። የበዓል ሥራ ተከምሮብኛል።

ሰኞ፣ ማርች 31፣ ዒድ

የጨው ዓሣው ተዘፍዝፎ፣ የሻርሙላው ስልስ በዘቢብና በሽንኩርት ሲበስል ቤቱ በጠዋት ሸተተ። እንግዳ መጣ፣ ሄደ። የላስዓድ እኅት ከነልጆቿ ነገ ምሳ ትመጣለች፤ ትልቁ ድስት መውረድ አለበት። ላስዓድ ወንበር ላይ ወጥቶ ሲያወርደው ውስጡ ተንኳኳ።

"ኩስኩሱ ገብቶበት ነው ያስቀመጥሽው?" አለኝ ክዳኑን አንስቶ። ታብሌቱን ሲያይ ሳቀ፤ እኔን ሲያይ ተወው። "ለእኅቴ ልጅ እንስጠው። እዚህ ቤትማ ጠብ ብቻ ነው ያመጣው።"

እሺ አልኩ። ነገ የዱሐን ጨዋታዎች አጥፍቼ እሰጣቸዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 1

እንግዶቹ ሳይመጡ ልጻፈው።

ታብሌቱን ሰክቼ ከፈትኩት። ጨዋታ ፈለግኩ፤ አንድ የድመት ጨዋታ አለ፣ ከጥንት ጀምሮ ያልተነካ። ፎቶዎቹን ላጥፋ ብዬ ገባሁ። መጀመሪያ የተበላሸ ነገር መሰለኝ። ነጭ ነጭ ነው ሁሉም። አንዱን ነካሁት። የመጽሐፍ ገጽ ነው፤ ጥጉ ላይ የዱሐ አውራ ጣት ይታያል። ቀጣዩም ገጽ ነው። ቀጣዩም። ኦክቶፐሱ ከማሰሮው አልወጣም የሚልበት ገጽ አለ። ከዚያ በፊት ያመጣሁላት የግመሏ መጽሐፍ አለ። በፊት ያመጣሁላት ሁሉ፣ በአንድ ቀን "ጨረስኩት" ያለችኝ ሁሉ፣ ከሽፋን እስከ ሽፋን።

መነጽሬ ጓዳ ነበር። ጽሑፉ ተደበላለቀብኝ። ሳላስብ ሁለት ጣቴን ገጹ ላይ አሳርፌ ለየኋቸው። ፊደሎቹ አደጉ። ነጥቧ ወጣች፤ በጀበል ሆድ ውስጥ፣ ምስር አክላ።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

አንብባቸዋለች። ሁሉንም አንብባቸዋለች። እኔ ውሸታም ስላት፣ ከፊልም ነው ስላት፣ ልጄ ታነብ ነበር። እንድታነብ ብዬ የምታነብበትን ነጠቅኳት። መነጽሬን ስትሰካ ነጠቅኳት። በቃሏ ስትይዝ እሱንም ነጠቅኳት። የመጨረሻው ፎቶ የመብራት ጠባቂዋ ታሪክ ነው። ልጅቷ በማዕበል ውስጥ ደረጃውን እየወጣች፣ "መብራቱ ግን..." ይልና እዚያ ላይ ያበቃል። ቅዳሜ ጠዋት ያነሳችው ነው። እኔ ድስቱን የከደንኩት ከሰዓት ነበር። መብራቱ ምን እንደሆነ ዱሐ እስከ ዛሬ አታውቅም።

የላስዓድ እኅት በሩን እያንኳኳች ነው። ፊቴን ልታጠብ።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 4

የዓይን ሐኪሙ ወጣት ነው፤ አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። "በሩቅ ታያለች፤ ለዚህ ነው የግድግዳውን ፊደል ያነበበችው። በቅርብ ግን ሁሉም ይደበላለቅባታል። ዓይኗን አስጨንቃ ስታጠራው ራሷን ያማታል። እስካሁን እንዴት አነበበች?" አለኝ።

ዱሐን፣ "ለምን አልነገርሽኝም?" አላት።

"ሁሉም ሰው እንደዚያ የሚያይ መስሎኝ" አለች። "ሌሎቹ ጎበዝ ስለሆኑ የሚችሉት መስሎኝ።"

እቤት ስንገባ ላላ ዘክያ በር ላይ ጠበቁን። ነገርኳቸው። "ዓይን ነው አላልኩሽም?" አሉ።

"ብለዋል፣ ላላ ዘክያ።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ድል ለዓመት ይተርኩት ነበር። ዛሬ ግን ትከሻዬን መታ አድርገው ወደ ውስጥ ገቡ።

ኀሙስ፣ ኤፕሪል 10

መነጽሩ መጣ። ቀይ ክፈፍ መረጠች። ስትሰካው መጀመሪያ ያየችው የገዛ መዳፏን ነው፤ አገላብጣ አገላብጣ አየችው። "እጄ መስመር አለው!" አለች። ላስዓድ ወደ በረንዳ ወጣ።

የመብራት ጠባቂዋን መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላት። አልነካችውም። ይቅርታ አልኳት፤ ተንበርክኬ፣ እጇን ይዤ፣ ሁሉንም ዘርዝሬ ይቅርታ አልኳት። አዳመጠችኝ። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦

"የሁለቱን ጣት ነገር ለስንት ሰው ነው የነገርሽው?"

"ለሁሉም" አልኩ።

"አሁንም ይስቃሉ። ትናንት ዳቦ ቤት ሰውየው በጣቱ አሳየኝ።" መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጠረገችው። "ለእኔ ብቻ ነው እንዴ ይቅርታ የምትይው?"

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 12

በቤተ መጻሕፍቱ ገጽ ላይ ያለውን ማጥፋት ቀላል ነበር። ትናንት አጠፋሁት። አንዲቷ ወዲያው፣ "ምነው ያንን ቀልድ አጠፋሽው?" ብላ ጻፈችልኝ። ማጥፋት ምንም እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ዛሬ የእናቶች ስብሰባ ነበር። ዱሐን ትመጫለሽ ወይ አልኳት፤ ትከሻዋን ነቀነቀች። መጣች ግን። ከመደርደሪያዎቹ ጀርባ መሬት ላይ ተቀመጠች። ቀዩ ክፈፍ በመጻሕፍቱ መሃል ይታየኛል።

ምን ብዬ እንደምጀምር ሳሰላስል ኢቅባል ቀደመችኝ። "ነዚሀዬ፣ ዛሬ አዲስ እናቶች አሉ፤ እስቲ ያንን የሁለት ጣት ነገር አሳዪያቸው! ካንቺ በላይ ማንም አይነግረውም!"

ተነሣሁ። "ልጄን እንድታነብ ከጎኔ አስቀመጥኳት" አልኩ። "እሷም ሁለት ጣቷን እንዲህ አድርጋ ወረቀቱ ላይ..." እጄን አነሣሁ። ሳቁ። የሰሙትም ያልሰሙትም ሳቁ፤ አንዷ ጠረጴዛውን መታችው። ከመደርደሪያው ጀርባ ቀዩ ክፈፍ አልተነቃነቀም።

"ቆዩ" አልኳቸው። "ገና አላለቀም።"

እያንዳንዱን ነገር ነገርኳቸው። ድስቱን፣ መነጽሩን፣ የቀየርኩባትን ታሪክ፣ "በዓይንሽ" ያልኳትን። ታብሌቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ገጾቹን አሳየኋቸው፣ አውራ ጣቷ ጥጉ ላይ እየታየ። የሚስቅ አልነበረም። ኢቅባል ቦርሳዋን ከፍታ የማትፈልገውን ነገር ትፈልግ ጀመር። አንዲት አዲስ እናት ቀስ ብላ፣ "የእኔም ልጅ ፊደሎቹ ይጨፍራሉ ትለኛለች፤ ስንፍና ነው ብዬ መትቻት ነበር" አለች። የሐኪሙን አድራሻ ጽፌ ሰጠኋት።

ስንመለስ ዱሐ መንገዱን ሁሉ እጄን አልለቀቀችም። እቤት ገብታ ወደ ክፍሏ ሄደች፣ በሩንም ዘጋችው። ኩስኩሱን አወጣሁ፣ ጠራኋት፣ "መጣሁ" አለች፤ አልመጣችም። እንደገና ጠራኋት፤ "መጣሁ አልኩ እኮ!" አለች። ላስዓድ ልጥራት ብሎ ሲነሣ እጁን ያዝኩት። ምግቡ ቀዘቀዘ።

በመጨረሻ መጣች። አፍንጫዋ ላይ መነጽሩ መስመር አውጥቶባታል። መጽሐፉን ከሳህኔ አጠገብ አስቀመጠችው።

"ጨረስኩት" አለች። "መልሺውና ሌላ አምጪልኝ።"

ምን ይላል ብዬ አልጠየቅኳትም።